የጀርመንኛን ልዩ ፊደላት በትክክል መጥራትና በኮምፒውተርም በስልክም መጻፍ

ጀርመንኛ የሚጻፈው እንግሊዝኛ በሚጻፍባቸው 26 የላቲን ፊደላት ላይ አራት ተጨማሪ ፊደላት ታክለውበት ነው። ሦስቱ አናታቸው ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ነጠብጣቦች ያሉባቸው አናባቢዎች ናቸው፤ አራተኛው መልኩ የላቲኑን ቢ የሚመስል፣ ድምፁ ግን የእኛው «ስ» የሆነ ተነባቢ ነው። ለቤተሰብ ቪዛ የሚጠየቀውን የመጀመሪያ ደረጃ የቋንቋ ፈተና በአዲስ አበባው ጎተ ኢንስቲትዩት ለመውሰድ የሚዘጋጁም ሆኑ፣ ለትምህርትና ለሥራ ወደ ጀርመን ወይም ወደ ኦስትሪያ የሄዱ ወገኖች እነዚህን ፊደላት ብዙ ጊዜ ለኋላ ያቆዩአቸዋል። ነጠብጣቦቹ ቢቀሩ አንባቢው ከዐውዱ ይረዳዋል የሚል እምነት አለ። ይህ እምነት ትክክል አይደለም። ነጠብጣቦቹ የፊደሉ ጌጥ ሳይሆኑ የፊደሉ አካል ናቸው፤ ሲቀሩ የሚጻፈው ሌላ ቃል ነው፤ «በሬ» ለማለት ፈልጎ «በረ» ብሎ እንደመጻፍ ያለ ነው።

አጠራሩንና አጻጻፉን አንድ ላይ መማር ይሻላል። ድምፁን በአፉ የለየ ሰው ሲጽፍ ፊደሉን አይስተውም፤ ፊደሉን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ የማግኘት ልማድ ያለው ሰው ደግሞ ሲያነብ ነጠብጣቦቹን አያልፋቸውም።

የፊደላቱ ስም

በቅድሚያ ስማቸውን በጀርመንኛ ማወቅ ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ «ኤ» ብለን የምንጠራውን የመጀመሪያውን ፊደል ጀርመኖች «አ» ይሉታል፤ «ኢ» የምንለውን «ኤ»፣ «አይ» የምንለውን «ኢ»፣ «ዩ» የምንለውን «ኡ» ይሉታል፤ «ኦ» ብቻ በሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ነው። አበበ የተባለ ሰው ስሙን በስልክ ሲያስመዘግብ በእንግሊዝኛ ልማድ «ኤ» ብሎ ከጀመረ በወዲያኛው በኩል ያለችው ጸሐፊ የምትጽፈው ሌላ ፊደል ነው፤ በብዙ ኢትዮጵያውያን ሰነዶች ላይ የሚታየው የስም መዛባት ከዚህ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ አናባቢዎቹን በጀርመንኛ ስማቸው፣ ተነባቢዎቹን ግን እንደለመድነው እጠራቸዋለሁ።

ነጠብጣብ ያላቸው ሦስቱ ፊደላት «አ ኡምላውት»፣ «ኦ ኡምላውት» እና «ኡ ኡምላውት» ይባላሉ። አራተኛው «ኤስጼት» ይባላል፤ ስሙ የኤስና የዜድ ፊደላት የጀርመንኛ ስሞች ጥምር ነው። ነጠብጣቦቹ የመጡት በቀድሞ ዘመን ጸሐፊዎች ከአናባቢው በላይ ከሚጽፏት ትንሽ የኤ ፊደል ነው፤ በድሮው የጀርመን የእጅ ጽሑፍ ኤ ሁለት ቋሚ ጭረቶችን ትመስል ስለነበር በጊዜ ብዛት ጭረቶቹ አጥረው ነጥብ ሆኑ። ይህ የታሪክ ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ ፊደሉ በማይገኝበት ሰሌዳ ላይ ምን መጻፍ እንዳለብን የሚወስነው እርሱ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አጠራር

የአማርኛ ተናጋሪ እነዚህን ድምፆች ለመማር ጥሩ መነሻ አለው፤ የፊደላችን ሰባት ቤቶች የአናባቢዎችን ቦታ አስቀድመው ስላስተማሩን ነው። ምላስን ከአንዱ ቤት፣ ከንፈርን ከሌላው ቤት መውሰድ ብቻ ይበቃል።

ከኡ ኡምላውት እንጀምር። ሣልሱን «ኢ» ረዘም አድርገው ይበሉ፤ የምላስዎ ጫፍ ከታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ላይ ዐርፎ፣ የምላስዎ መካከል ወደ ላንቃ ከፍ ብሎ ይሰማዎታል። አሁን ምላስዎን ከዚያ ቦታ ሳያንቀሳቅሱ፣ ድምፁንም ሳያቋርጡ፣ ከንፈርዎን ብቻ ካዕቡን «ኡ» እንደሚሉ አሞጥሙጡት። የሚወጣው ድምፅ ኡ ኡምላውት ነው። በትክክል መውጣቱን ለማረጋገጥ ድምፁን እያወጡ ከንፈርዎን መልሰው ይዘርጉት፤ ወዲያው «ኢ» ከተሰማ ምላስዎ በቦታው ነበር፤ «ኡ» ወይም ሌላ ነገር ከተሰማ ግን ምላስዎ ከከንፈርዎ ጋር ወደ ኋላ ሸሽቷል ማለት ነው። መስታወት ፊት ቆሞ መሥራት ይረዳል፤ የከንፈሩ መሞጥሞጥ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ የጠበቀ ነው።

በዚህ ፊደል ላይ የተለመደው ስሕተት አንዱን ድምፅ ለሁለት መክፈል ነው። «ሙንሸን» በሚለው የከተማ ስም (እኛ ሙኒክ የምንላት ናት) የመጀመሪያው አናባቢ ኡ ኡምላውት ነው፤ ብዙዎቻችን «ምዩንሸን» እንላለን። ጀርመንኛው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይለወጥ አንድ አናባቢ ነው፤ ከፊቱ «ይ» የለም። በግዕዝ ፊደል ይህን ድምፅ የሚይዝ ሆሄ ስለሌለ ከዚህ በታች በካዕብ ስጽፈው አንባቢ ነጠብጣቦቹን በልቡ እንዲጨምርባቸው እለምናለሁ። «ፉንፍ» (አምስት)፣ «ቱር» (በር)፣ «ኡበር» (ስለ፣ በላይ)፣ «ግሩን» (አረንጓዴ) ሁሉም በኡ ኡምላውት የሚነገሩ ናቸው። እንደ «ቱፕ» (ዓይነት) እና «ፉዚክ» (ፊዚክስ) ባሉ ከግሪክኛ የመጡ ቃላት ደግሞ ዋይ የተባለው ፊደል ይህንኑ ድምፅ ይይዛል።

ኦ ኡምላውት በተመሳሳይ መንገድ ይገኛል። ምላሱ የኃምስ ነው፤ ከንፈሩ የሳብዕ ነው። «ኤ» ይበሉ፣ ምላስዎን ያቆዩት፣ ከንፈርዎን «ኦ» እንደሚሉ ያክብቡት። እዚህ ላይ የሚፈትነን «ኧረ» ስንል የሚወጣው የራሳችን «ኧ» ነው፤ ለጆሮ ትንሽ ስለሚቀርብ ብዙ ተማሪ በእርሱ ይተካዋል። «ኧ» ግን ከንፈርን አያከብብም፤ ከዚህም ሌላ በጀርመንኛ የራሱ ቦታ አለው፤ እንደ «ኬዘ» (አይብ) ባሉ ቃላት መጨረሻ ላይ ሳይጠነክር የሚነገረው የኤ ፊደል ከእኛ የግዕዝ ቤት ድምፅ ጋር በጣም ይቀራረባል። ሁለቱን ከቀላቀሉ «ሾነ» የሚለው ቃል (ቆንጆ) ሁለቱ አናባቢዎች አንድ ሆነው ይደበላለቃሉ። ለልምምድ የሚሆነው «ጎተ» የሚለው ስም ራሱ ነው፤ ባለቅኔው ስሙን በኦና በኤ ይጽፍ እንጂ የሚነበበው በኦ ኡምላውት ነው፤ የመጀመሪያው አናባቢ ክብ፣ የመጨረሻው ልል «ኧ» ነው።

አ ኡምላውት ከሁሉም ይቀላል፤ የእኛን ኃምስ አፍን ጥቂት አስፍቶ መናገር ነው። «ሜነር» (ወንዶች)፣ «ሜትሸን» (ልጃገረድ)፣ «ኬዘ» ይበሉ። በሰሜን ጀርመን ረጅሙን አ ኡምላውት ከተራው ኤ ሳይለዩ የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው፤ ስለዚህ አፍዎን ባያሰፉት ማንም አይቸገርም። ራብዕ አድርጎ «ካዘ» ማለት ግን ስሕተት ነው። አ ኡምላውት ኡን ሲያስከትል ደግሞ ሁለቱ ተዋሕደው «ኦይ» ይሆናሉ፤ «ሃውስ» (ቤት) ሲበዛ «ሆይዘር»፣ «ባውም» (ዛፍ) ሲበዛ «ቦይመ» ይባላል።

በዚህ ፊደል ላይ የእኛን አንባቢ በተለይ የሚመለከት አንድ ጥንቃቄ አለ። ጀርመናውያንና ሌሎች የኢትዮጵያ ጥናት ሊቃውንት አማርኛንና ግዕዝን በላቲን ሲጽፉ የመጀመሪያውን ቤት ድምፅ፣ ማለትም በ«ለ» እና በ«በ» ውስጥ ያለውን አናባቢ፣ በአ ኡምላውት ቅርጽ ይወክሉታል። በምርምር መጻሕፍት ውስጥ የአገራችን ስሞች በነጠብጣብ ተሞልተው የሚታዩት ለዚህ ነው። ያ የምሁራን ስምምነት እንጂ የጀርመንኛ አጠራር አይደለም፤ የጀርመንኛን ቃል በዚያ ልማድ ያነበበ ሰው «ሜነር»ን «መነር» ይለዋል።

ከድምፁ ዓይነት ቀጥሎ የሚመጣው የድምፁ ርዝመት ነው፤ በእኔ ግምት ለአማርኛ ተናጋሪ ከባዱ ክፍል ይህ ነው። አማርኛ ትርጉም የሚለይበት ተነባቢን በማጥበቅና በማላላት ነው፤ «አለ» ላልቶ ሲነገርና ጠብቆ ሲነገር ሁለት ቃል ነው። ጀርመንኛ ግን የሚያረዝመውና የሚያሳጥረው አናባቢውን ነው። ጥንድ ሆነው የተጻፉ ተነባቢዎች ስናይ ልማዳችን አጥብቀን እንድናነብ ይገፋፋናል፤ በጀርመንኛ ግን ሁለተኛው ተነባቢ የሚነግረን ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ብቻ ነው፤ ተነባቢው አይጠብቅም። «ፉለን» በኡ ኡምላውት ከኤች ጋር ሲጻፍ አናባቢው ረጅም ሆኖ «መሰማት፣ ስሜት» የሚል ትርጉም ይኖረዋል፤ በሁለት ኤል ሲጻፍ አናባቢው አጭር ሆኖ «መሙላት» ማለት ነው። «ሆለ» በኦ ኡምላውትና በኤች ዋሻ ነው፤ በሁለት ኤል ሲኦል ነው። «ሁተ» በአንድ ቲ ባርኔጣዎች፣ በሁለት ቲ ጎጆ ነው። ጥንዶቹን በስልክዎ ቀድተው መልሰው ያድምጡ፤ ረጅሙ ከአጭሩ እጥፍ ያህል መቆየት አለበት። የስልኩን የድምፅ ጽሕፈት ወደ ጀርመንኛ ቀይሮ ቃሉን መናገርም ጥሩ ፈተና ነው፤ ስልኩ ያሰቡትን ቃል ከጻፈ ጆሮ ለይቶታል ማለት ይቻላል።

ነጠብጣቡ ሲጎድል ምን እንደሚደርስ በአንድ ደብዳቤ እንይ። ለሐኪም ወይም ለመሥሪያ ቤት «ኢሽ ሞሽተ አይነን ቴርሚን» ብለን ስንጽፍ «ቀጠሮ እፈልጋለሁ» ማለታችን ነው፤ ከ«ሞሽተ» ላይ ነጠብጣቦቹ ከተነሡ ቃሉ «ሞኽተ» ሆኖ «ቀጠሮ እወድ ነበር» ይላል። «ኮንተን ዚ ሚር ሄልፈን?» በኦ ኡምላውት «ሊረዱኝ ይችሉ ይሆን?» የሚል ትሑት ልመና ነው፤ ያለ ነጠብጣብ ግን ስላለፈ ጊዜ የሚጠይቅ «ልትረዱኝ ችላችሁ ነበር?» ይሆናል። ትሕትናውን የተሸከሙት ሁለቱ ነጠብጣቦች ናቸው። «ሃተ» (ነበረው) እና «ሄተ» (ቢኖረው ኖሮ)፣ «ጻለን» (መክፈል) እና «ጼለን» (መቁጠር)፣ «ሙተር» (እናት) እና በኡ ኡምላውት «ሙተር» (እናቶች) እንዲሁ ይለያያሉ። በሕዝብ ሕንጻዎች በር ላይ የሚለጠፈው «ድሩከን» በነጠብጣብ «ይግፉ» ሲሆን ያለ ነጠብጣብ «ማተም» ነው።

ከላይ «ሞሽተ» ወደ «ሞኽተ» ሲለወጥ ተነባቢውም አብሮ መለወጡን ልብ ይሏል። ሲና ኤች ተጣምረው የሚሰጡት ድምፅ ከአ፣ ከኦና ከኡ በኋላ ከእኛ «ኽ» ጋር ይቀራረባል፤ ኡምላውት ሲቀድመው ግን ለስልሶ በ«ህ» እና በ«ሽ» መካከል ይወድቃል፤ ምላስን በ«ኢ» ቦታ አድርጎ ትንፋሽን ማውጣት ነው። «ቡኽ» (መጽሐፍ) ሲበዛ «ቡሸር»፣ «ቶኽተር» (ሴት ልጅ) ሲበዛ «ቶሽተር» ይሆናል፤ ሁለቱም ብዙዎች ኡምላውት አላቸው።

ኤስጼት

ኤስጼት ሁልጊዜ «ስ» ነው። ይህ መነገር የሚያስፈልገው ተራው ኤስ በአናባቢ ፊት ሲመጣ በመደበኛው አጠራር «ዝ» ስለሚሆን ነው፤ «ራይዘን» በኤስ መጓዝ ነው፣ «ራይሰን» በኤስጼት መቅደድ ነው። «ስ» እና «ዝ» በአማርኛ የተለዩ በመሆናቸው አጠራሩ አያስቸግረንም፤ የሚያስቸግረው መቼ ኤስጼት፣ መቼ ሁለት ኤስ እንደሚጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከተደረገው የአጻጻፍ ማሻሻያ ወዲህ ሕጉ ግልጽ ሆኗል፦ ከረጅም አናባቢና ከጥንድ አናባቢ በኋላ ኤስጼት፣ ከአጭር አናባቢ በኋላ ሁለት ኤስ። «ሽትራሰ» (መንገድ)፣ «ግሮስ» (ትልቅ)፣ «ሃይስ» (ሞቃት) በኤስጼት ይጻፋሉ፤ «ፍሉስ» (ወንዝ) እና «እንደ፣ መሆኑን» የሚል አገልግሎት ያለው አያያዡ «ዳስ» በሁለት ኤስ ይጻፋሉ። በቆዩ መጻሕፍት ውስጥ እነዚህ የመጨረሻዎቹ በኤስጼት ተጽፈው ቢያገኙ የቀድሞው ሕግ ነው። አናባቢውን አርዝሞ መጥራት የለመደ ሰው ሕጉን ሳያስታውስ በጆሮው ብቻ በትክክል ይጽፋል።

በስዊዘርላንድና በሊክተንስታይን ኤስጼት በመደበኛ ጽሑፍ አያገለግልም፤ በሁሉም ቦታ ሁለት ኤስ ይጻፋል። በዚህ ምክንያት «ኢን ማሰን» የሚለው ሐረግ በጀርመን በኤስጼት «በመጠኑ»፣ በሁለት ኤስ «በገፍ» ሆኖ ሲለይ፣ በስዊዘርላንድ ጽሑፍ ከዐውዱ ብቻ ይለያል። ኤስጼት በቃል መጀመሪያ ስለማይመጣ ለረጅም ዘመን ትልቅ ቅርጽ በሕግ አልነበረውም፤ በትልልቅ ፊደላት ሲጻፍ ሁለት ኤስ ይደረግ ነበር። ትልቁ ኤስጼት እ.ኤ.አ. በ2008 ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደላት ዝርዝር፣ ወደ ዩኒኮድ፣ ገብቶ በ2017 በይፋዊው የአጻጻፍ ሕግ ተፈቅዷል።

በእጅ ሲጽፉ ኤስጼትን ከቢ የሚለየው ታችኛው ክፍል ክፍት መሆኑ ነው፤ ሆዱ ተመልሶ ቋሚውን መስመር አይዘጋም። በኮምፒውተር ላይ ደግሞ ቢን ወይም የግሪኩን ቤታ በምትኩ ማስገባት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ለዓይን ቢመስልም ለኮምፒውተር ፍጹም ሌላ ፊደል ነው፤ በአድራሻ ቅጽ ላይ የመንገዱ ስም አይገኝም።

በቁልፍ ሰሌዳ መጻፍ

አዘውትሮ በጀርመንኛ ለሚጽፍ ሰው የምመክረው የጀርመንኛውን የሰሌዳ ቅንብር መጫን ነው። በዊንዶውስ ቅንብሮች ውስጥ ካለው የጊዜና የቋንቋ ክፍል ጀርመንኛን ይጨምሩ፤ ከዚያ በኋላ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘው ባዶ ቦታ መተዉን ረጅም ቁልፍ ሲመቱ አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ በየተራ ይመጣሉ። በእንግሊዝኛው ሰሌዳ ላይ ከፒ በስተቀኝ ያለው ቁልፍ ኡ ኡምላውት ይሆናል፤ ከኤል በስተቀኝ ያለው ኦ ኡምላውት፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው አ ኡምላውት፣ ከዜሮ ቁጥር በስተቀኝ ያለው ኤስጼት ይሆናሉ። ትልቁን ቅርጽ ለማግኘት እንደ ማንኛውም ፊደል ሺፍት ይያዛል፤ ለትልቁ ኤስጼት ግን ሺፍትና አልት ጂአር (ከረጅሙ ቁልፍ በስተቀኝ ያለው አልት) አብረው ይያዛሉ። በዚህ ቅንብር ዋይና ዜድ ቦታ እንደሚለዋወጡ ያስታውሱ፤ የኢሜይል አድራሻ ምልክቱም በኪው ላይ ሆኖ በአልት ጂአር ይወጣል። በጀርመን ቤተ መጻሕፍት ወይም በሥራ ቦታ ባለ ኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃል ትክክል አይደለም ሲባሉ መጀመሪያ እነዚህን ሁለት ፊደላት ይመልከቱ። በይለፍ ቃል ውስጥ ኡምላውት አለማስገባትም ይመረጣል፤ ነገ የሚያገኙት ሰሌዳ ላይኖረው ይችላል።

ሰሌዳውን መለወጥ ለማይፈልግ ሰው የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የሚባለው ቅንብር አማካይ መንገድ ነው። ፊደላቱ በለመዱት ቦታ ይቆያሉ፤ አልት ጂአርን ይዘው ኪውን ሲመቱ አ ኡምላውት፣ ፒን ሲመቱ ኦ ኡምላውት፣ ዋይን ሲመቱ ኡ ኡምላውት፣ ኤስን ሲመቱ ኤስጼት ይወጣል። ጉዳቱ የጥቅስ ምልክት ሲጽፉ ቁልፉ የሚቀጥለውን ፊደል የሚጠብቅ መሆኑ ነው፤ ምልክቱን ብቻውን ለማግኘት ባዶ ቦታ መምታት ያስፈልጋል።

አንድ ቃል ብቻ ለመጻፍ የቁጥር ኮዶቹ በቂ ናቸው። በሰሌዳው ቀኝ ያለው የቁጥር ክፍል በርቶ፣ የግራውን አልት እንደያዙ ቁጥሩን ከዚያ ክፍል ይጻፉና አልቱን ይልቀቁ፤ ለትንሹ አ ኡምላውት 0228፣ ለኦ 0246፣ ለኡ 0252፣ ለኤስጼት 0223 ነው፤ ለትልልቆቹ በቅደም ተከተል 0196፣ 0214 እና 0220 ነው። የፊተኛው ዜሮ ሊዘለል አይገባም፤ ቢቀር ሌላ ምልክት ይወጣል። የቁጥር ክፍል በሌላቸው ላፕቶፖች ላይ ይህ ዘዴ አይመችም። በወርድ ውስጥ ግን ኮንትሮልና ሺፍትን ይዘው ኮለኑን መትተው ከለቀቁ በኋላ አናባቢውን ሲጽፉ ነጠብጣቡ ይጫንበታል።

በማክ ኦፕሽንን ይዘው ኡን ይመቱና ይልቀቁ፤ ቀጥሎ የሚጽፉት አናባቢ ነጠብጣብ ይይዛል፤ ኦፕሽንና ኤስ አብረው ኤስጼትን ይሰጣሉ። በስልክ፣ አንድሮይድም ሆነ አይፎን፣ አ፣ ኦ፣ ኡ ወይም ኤስ ላይ ጣትን ማቆየትና ከሚወጡት ምርጫዎች ላይ ማንሸራተት ይበቃል። ይሁን እንጂ በስልክም ጀርመንኛን በቋንቋነት መጨመር ተገቢ ነው፤ አለበለዚያ የእንግሊዝኛው አራሚ በትክክል የጻፉትን ቃል ወደ ሌላ ይለውጥብዎታል። አራቱም ፊደላት በመደበኛው የአጭር መልእክት ፊደል ስብስብ ውስጥ ስለሚገኙ በ160 ፊደል ገደብ ላይ ለውጥ አያመጡም፤ በአማርኛ ስንጽፍ ገደቡ ወደ 70 ይወርዳል።

በጀርመንኛ እንደ «ካፌ» ባሉ ከፈረንሳይኛ በመጡ ቃላት ላይ ብቻ የሚታይ ሌላ ምልክት አለ፤ በኤ ላይ የሚጫነው ያዘነበለ ጭረት ነው። በጀርመንኛው ሰሌዳ ላይ ከማጥፊያው ቁልፍ በስተግራ ያለውን መትቶ ኤን ማስከተል ነው፤ ኮዱ 0233 ነው።

ፊደሉ በማይገኝበት ጊዜ፣ በስምና በሰነድ ላይ

ፊደሉን ማግኘት ካልተቻለ ነጠብጣቡን ጥሎ መሄድ አይፈቀድም፤ ከአናባቢው ቀጥሎ ኤ ይጨመራል፤ ነጠብጣቡ በመነሻው ኤ ነበርና። ለኤስጼት ሁለት ኤስ ይጻፋል። በተገላቢጦሹ ግን በጅምላ መሄድ አይቻልም። «ሽቶየር» (ግብር) በሚለው ቃል ውስጥ ኡና ኤ ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ኡምላውት ግን አይደሉም። የተጻፈን ሰነድ በኮምፒውተር «ፈልገህ ተካ» ትእዛዝ ወደ ኡምላውት መመለስ ጽሑፉን የሚያበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። በከተሞች ስም ላይም እንዲሁ ነው፤ «ዞስት» የተባለችው ከተማ በኦና በኤ ብትጻፍም ኤው የኦን መርዘም ብቻ ያሳያል፤ ኡና ኢ ያሉበት «ዱስቡርክ» ደግሞ በረጅም ኡ ኡምላውት ይነበባል።

ስምን በስልክ ፊደል በፊደል ሲያስጽፉ «ኡ ኡምላውት» ማለት ይበቃል። ጀርመኖች ራሳቸው ለረጅም ጊዜ «ኤርገር»፣ «ኦኮኖም» እና «ኡበርሙት» የሚሉትን ቃላት ለሦስቱ ምልክት ያደርጉ ነበር፤ አሁንም ብዙ ሰው እነርሱን ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ2022 የተሻሻለው ዲን 5009 የተባለው ደረጃ በከተማ ስም ተክቷቸዋል፤ «ኡምላውት አኸን»፣ «ኡምላውት ኦፈንባኽ»፣ «ኡምላውት ኡና» ይባላል።

ከጀርመን የሚመጣ ፋይል ሲከፈት በኡምላውቱ ቦታ ሁለት እንግዳ ምልክቶች ከታዩ ጽሑፉ አልጠፋም፤ ዩቲኤፍ-8 በተባለው ፊደላትን በባይት የማስቀመጫ ሥርዓት የተጻፈው በሌላ ሥርዓት እየተነበበ ነው። በዚህ ሥርዓት ኡምላውት ሁለት ባይት፣ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የአማርኛ ጽሑፍ ሲበላሽ ለአንድ ፊደል ሦስት ምልክት የሚታየውም ለዚህ ነው። ፋይሉን እንደገና ሲከፍቱ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ይምረጡ እንጂ ምልክቶቹን በእጅ ለማረም አይድከሙ።

በጀርመን ፓስፖርት ግርጌ ላይ በማሽን የሚነበቡት ሁለት መስመሮች ኡምላውትን በኤ፣ ኤስጼትን በሁለት ኤስ ይተካሉ፤ በስሙ ገጽ ላይ ግን ፊደሉ እንዳለ ይታተማል። ስለዚህ የአንድ ሰው ስም በአንዱ ፓስፖርት ላይ በሁለት አጻጻፍ ይገኛል፤ ለአውሮፕላን ቲኬት የሚሞላው በማሽን መስመሩ ላይ ያለው ነው። ጀርመናዊ የትዳር ጓደኛ ያላቸው ወይም በጀርመን ዜግነት ያገኙ ወገኖች የጋብቻና የልደት ሰነዶችን ወደ አማርኛ ሲያስተረጉሙ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። በኡ ኡምላውት የሚጻፈውን የቤተሰብ ስም አንዱ ተርጓሚ «ሙለር»፣ ሌላው «ሚለር» ይለዋል፤ ግዕዙ ድምፁን ስለማይዝ ሁለቱም ከድምፁ ግማሹን ብቻ የያዙ ናቸው፤ ሁለቱም ሊጸኑ ይችላሉ። ነገር ግን በልደት ሰነዱ ላይ አንዱ፣ በጋብቻው ላይ ሌላው ከገባ የአንድ ቤተሰብ ስም ሁለት ይሆናል። ተርጓሚው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰነድ ቅጂ ይስጡት፤ በዚያ ላይ የተጻፈውን ሆሄ በቀሩት ሁሉ ላይ ሳይለውጥ እንዲያስገባ ይንገሩት።